ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚጻፍ ልብ ወለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈራችን ልጆች መጽሐፍ አነባለሁ። ስንጨርስ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ በር ላይ እንደቆምን ወሬ ይጀመራል። ውጭ ያሉ ዘመዶቼም ይደውላሉ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ባህልና ስለ ማደግ የሚያወራ፣ ልጆቻችን ራሳቸውን የሚያገኙበት መጽሐፍ ከየት ይምጣ? ምኑን እናንብብላቸው? እኛስ ብንጽፍ? ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት።

እኛ ተረት አለን። ተረት አይበቃም ወይ?

ተረት ለሁላችንም መጀመሪያችን ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ነው ያደግነው። ተራኪው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት ሲያወሩልን፣ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ልጅ ጎረቤት ሄዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። በጽሑፍም ቢሆን ደሃ አይደለንም። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ስንት ትውልድ በቃሉ ያጠናው ግጥም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ከትልቁ ልብ ወለዳቸው በፊት «ተረት ተረት የመሠረት»ን ጽፈዋል።

ግን ተረትን ልብ ብላችሁ እዩት። ጦጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብልጥ ናት። ጅብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሆዳም ነው። ማንም ዕድሜ የለውም፤ ማንም አያድግም። ተረት የተሠራው ለሌላ ነገር ነው፤ ቁም ነገር ያስይዛል፣ ያስቃል፣ ያስጠነቅቃል።

ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ስም አላት፤ ሰፈር አላት፤ የተጣላቻት ጓደኛ አለቻት። ታሪኩ ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው ገጽ አይደለችም። የሆነ ነገር አይታለች፤ የሆነ ነገር ራሷ ወስናለች። አንባቢዋም አብራት ወስናለች።

እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ልጁ እስከ ዘጠኝና አሥር ዓመቱ ተረት ይሰማል። ከዚያ ቀጥሎ የሚያገኘው የትልቅ ሰው ልብ ወለድ ነው። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ላለው አማርኛ አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ብዙ የሚጠይቅበት፣ ብዙ የሚያፍርበት፣ ብዙ የሚናደድበት ዕድሜ ደግሞ ይኸው ነው። በዚያ ዕድሜ ላይ መጽሐፍ ጥሎት ከሄደ፣ በኋላ ተመልሶ ማምጣት ይከብዳል።

በየዕድሜው ምን ይነበባል?

በጣም አትጨነቁበት። እስከ አምስት ዓመት ገደማ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ፣ እናንተ እያነበባችሁ እሱ እያየ። ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ አጭር ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ራሱ ጣቱን እያስኬደ የሚያነበው። ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት በምዕራፍ የተከፋፈለ ታሪክ። ከአሥራ ሁለት በላይ ውጭ «ያንግ አደልት» የሚሉት፣ እኛ የታዳጊ ወይም የወጣት ልብ ወለድ የምንለው ነው። ባለታሪኩ ብዙ ጊዜ ከአንባቢው አንድ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ልጆች ወደ ላይ ነው የሚያዩት። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ አይፈልግም፤ ይንቀዋል።

አማርኛ የልጆች መጽሐፍ ከየት ይገኛል?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ጊዜ ወስዳችሁ ቁፈሩ። ከሻጩ ጋር ተግባቡ፤ ስልካችሁን ስጡት። የልጅ መጽሐፍ ሲገባለት ይደውልላችኋል። እኔ ያሉኝን ጥሩ ጥሩዎቹን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ለትንንሾቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ መጻሕፍት ከድሮው ይሻላሉ። እዚህ ላይ የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ስም ሳላነሳ አላልፍም። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡት እንደሌለ አዩ። የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ በሥዕል አሳተሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋርም «ኢትዮጵያ ሪድስ»ን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ አካባቢ ደግሞ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እየጫኑ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ወሰዱ። አህያዋ ስትመጣ ልጆች ሲሮጡ የሚያሳይ ፎቶ አይቼ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያው መንገድ የወጡት «ሬዲ ሴት ጎ» የሚባሉት ባለ ሁለት ቋንቋ የሥዕል መጻሕፍት ከመቶ በላይ ርዕሶች አሏቸው፤ ውጭ ላላችሁም በኢንተርኔት ማዘዝ ይቻላል። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባለው ድረ ገጽ ላይም አማርኛ የሆኑ አጫጭር ታሪኮች በነፃ ይገኛሉ።

ለታዳጊው ግን ከላይ እንዳልኩት ነው፤ እየፈለጋችሁ፣ እየተዋዋሳችሁ።

ልጄ ፊደሉን ያውቃል፣ ሲያነብ ግን ይንተባተባል። ምን ይሻላል?

ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ይኼ የመጀመሪያ መልሴም የመጨረሻ መልሴም ነው።

ምክንያት አለው። ፊደላችን ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ሆኖ ያስፈራል እንጂ፣ አንዴ ከተያዘ ታማኝ ነው፤ የተጻፈው ይነበባል። አንድ የሚደብቀው ነገር ግን አለ፤ ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» የሚለውን ቃል እዩት። ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ትልቁ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጆሮ ነው። አማርኛ ቤት ውስጥ ሲነገር የሚሰማ ልጅ ሳያስበው ያስተካክለዋል። ትንሽ የሚሰማ ልጅ ግን ፊደሉን እያወቀ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ አብራችሁ አንብቡ። እናንተ አንድ ገጽ፣ እሱ አንድ ገጽ። ሲሳሳት ወዲያው አትዝለሉበት። እስከ ነጥቡ ይድረስ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ያርማል።

ውጭ ለተወለዱ ልጆችስ? ኢትዮጵያን አያውቋትም።

ኢትዮጵያን ባያውቁም ቤታቸውን ያውቃሉ። በራቸው ሲዘጋ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ናት፤ የቡናው ጭስ፣ የበርበሬው ሽታ፣ እሑድ ጠዋት የሚከፈተው መዝሙር፣ አርብና ረቡዕ ጾም። በሩ ሲከፈት ሌላ አገር ነው። በዚያ በር መካከል የቆመ ልጅ ታሪክ አለው፤ የሚጽፍለት ነው ያጣው።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፉት አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ለልጅ መጽሐፍ መስኮት ነው፤ የሌላውን ኑሮ ያይበታል። ደግሞም መስታወት ነው፤ ራሱን ያይበታል ይላሉ። ቨርጂኒያ ወይም ሲያትል ያለ የእኛ ልጅ መስኮት ሞልቶታል። መስታወቱ ነው የጎደለው።

በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚቀላቸው ታዳጊዎች ሁለት መጽሐፍ እመክራለሁ። አንደኛው የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሪፊዩጂ ቦይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ዓለም የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ይቀራል። የሁለቱን አገር ጦርነት ከፖለቲካው ሳይሆን ከአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ሆኖ ያሳያል። ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፤ ብቻቸውን አትተዋቸው፤ ያማል። ሁለተኛው ቅድም ያነሳኋት የጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው። አንዷ ቅማንት፣ አንዷ ዓይነ ስውር ቤተ እስራኤል የሆኑ ሁለት ልጆች ወደ ሱዳን በእግር ይሰደዳሉ። መጀመሪያ ላይ ይፈራራሉ። አንዷ ስለ ሌላዋ ሕዝብ የሰማችው ሁሉ ክፉ ነው። እየተራመዱ ግን ተረት ይለዋወጣሉ። እስራኤል ውስጥ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጆቻችሁ አያቶች የሄዱበት መንገድ ይኼ ነው። መጽሐፉን ዘግታችሁ አያቶቹ እንዲናገሩ ጋብዟቸው።

ስለ ሞት፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ወር አበባ የሚያወራ መጽሐፍ ለልጅ ይሰጣል ወይ?

ይሰጣል። እኔ በዚህ ላይ አልወላውልም።

ልጅ ያለበት ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ገና ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። ልጁ ከመኝታው ተነሥቶ ያያል። ማንም ምንም አይለውም። «ሂድ ውጭ ተጫወት» ይባላል። ከሳምንት በኋላ «አጎትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ይሉታል። ልጁ ያውቃል። ማወቁን ግን ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ይህን የሚያሳይ አንድ ምዕራፍ ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ ይላል።

የወር አበባ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በእኛ ጊዜ ሞዴስ ሱቅ ሲገዛ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር የሚሰጠው። እናቶቻችን ሊያስረዱን ያፍሩ ነበር፤ የእነሱም እናቶች ያፍሩ ስለነበር ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለትንንሾቹ ከሠራች በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የሚባሉትን የካርቱን ልጃገረዶች ለታዳጊዎች ሠርታለች። እነሱ ስለ ወር አበባና ያለ ዕድሜ ጋብቻ በግልጽ ያወራሉ። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ሕጉን የማታውቅ ልጅ ከታሪክ ውስጥ ልታውቀው ትችላለች።

የምጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ አለ። የልጅ መጽሐፍ አንባቢውን ጨለማ ውስጥ ጥሎት መውጣት የለበትም። ሁሉም ነገር ይስተካከል እያልኩ አይደለም። የሚያዝን ልጅ አጠገብ ቢያንስ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ አያት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ውሻም ቢሆን።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ልጆችን ባለጌ አያደርጉም? ባህላችንስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚወዱ ናቸው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ነው የምመልሰው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። በልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ የሚያቦካው ልጁ ነው። ችግሩን እናት ወይም አስተማሪ መጥቶ ከፈታው ታሪኩ ይሞታል። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ ይሄ የማያከብር ልጅ ያፈራል ብሎ ይሰጋል። ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ልጅ በመጽሐፍ ውስጥ አያት ስታዝን ሲያይ የራሱን አያት ማየት ይጀምራል። አንዲት ቅዳሜ የምትመጣ ልጅ ስለ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ የሚያወራ ታሪክ ከሰማች በኋላ ቤት ሄዳ የሠራተኛቸውን የአባት ስም ጠየቀች። አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። እናቷ ናት የነገረችኝ፤ እሷም አታውቀውም ነበር። መከባበርን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምን አለ?

ባህልም ቢሆን በዝርዝር ተጽፎ አይወረስም። «ቡሄ ነሐሴ 13 ይከበራል፣ ሙልሙል ይሰጣል» ብሎ ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ነው። በታሪክ ውስጥ ግን ልጁ ዱላውን ይዞ «ሆያ ሆዬ» ሊል ይወጣል፤ ድምፁ ሊጎረምስ ስለጀመረ መሪ መሆን አልቻለም። ዘንድሮ ከትንሽ ወንድሙ ኋላ መቆም አለበት። ቡሄም አለ፤ ማደግም አለ።

እኔም መጻፍ እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

ከአጠራር ጀምሩ። ቀልዴን አይደለም። አማርኛ ለታዳጊ ልብ ወለድ የሰጠን ትልቁ ሀብት እዚያ ነው ያለው።

በሌሎች ቋንቋዎች «አንተ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ሊሆን ይችላል። በእኛ አይደለም። ልጅቷ አባቷን አንተ ትላለች ወይስ አንቱ? ተራኪዋ ራሷ ከሆነች «አባቴ ገባ» ብላ ትጽፋለች ወይስ «አባቴ ገቡ»? ይህን ስትወስኑ ቤቱን በሙሉ ወሰናችሁ፤ አባትየው ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ራት ላይ ማን እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል። ከዚያ ደግሞ ማቀያየር ትችላላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ አባቱን አንተ ሲል የኖረ ልጅ፣ አንድ ቀን ተጣልተው በቁጣ «እርስዎ» ይለዋል። የሚጮህ ሰው የለም፤ ዕቃ አልተሰበረም፤ ግን ቤቱ ቀዘቀዘ። ያን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ አንድ ገጽ ያስፈልጋል። በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃል።

ማደግንም የሚነግረን አጠራር ነው። ወያላው «ሚጣ፣ ጠጋ በይ» ሲላት የኖረች ልጅ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ «እህቴ፣ ሒሳብ» ይላታል። መስኮቱ ላይ ራሷን ታያለች። የሰፈር ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» ያለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቤቱ እስኪደርስ አረማመዱ ይቀየራል። ውጭ ያደገው ልጅ ደግሞ አማርኛ ሲሞክር ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል። አያቱ ስልክ ላይ ይስቃሉ፤ አባቱ ያፍራል፤ ልጁ ለምን እንዳፈረ አይገባውም። እነዚህ ታሪኮች ማንም እስኪጽፋቸው ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።

የታሪክ ሐሳብ ከየት ይመጣል?

ልጅ ግራ ከሚገባው ቦታ። ውጭ አገር አንድ ልጅ የእሱ «የቤተሰብ ስም» ከእናቱ ለምን እንደሚለይ ለክፍል ጓደኞቹ ማስረዳት አለበት። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ይህን በአሥር ዓመት ዕድሜ፣ በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሌላዋ አያቷን «ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ብላ ስድስት ሰዓት ታዛንፋለች፤ የእኛ ሰዓት ከጠዋት ነው የሚጀምረው። ሌላው ኢትዮጵያ ሲመጣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል፤ የልደቱ ቀንም ሁለት ይሆናል።

ከዚያ የከበዱም አሉ። እናቷ ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከአያቷ ጋር የምታድግ ልጅ። እናቷን የምታውቃት በስልክ ድምፅና በሻንጣ በሚላክ ልብስ ነው። ልብሱ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ያንሳል፤ እናትየው የምታስታውሳት ባለፈው ያየቻትን ልጅ ስለሆነ። ሌላው ደግሞ ለእናቱ ሆስፒታልና ባንክ እየሄደ የሚያስተረጉም ልጅ ነው። ሐኪሙ ለእናቱ የሚነግረውን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። መናገር አለበት፤ በምን ቃል? አማርኛው አይበቃውም። ይህን ታሪክ ቴል አቪቭም፣ ስቶክሆልምም፣ ዋሽንግተንም ያለ ልጅ ያውቀዋል።

አገር ቤት ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁም። እኛ ጋ ልጅ ይላካል። ማንም ትልቅ ሰው «ና እስቲ፣ ሱቅ ድረስ» ማለት ይችላል። ይህ ለደራሲ ስጦታ ነው፤ ባለታሪካችሁን ከቤት ለማውጣት ሌላ ሰበብ አያስፈልጋችሁም።

መልእክት ሊኖረው አይገባም ወይ?

ሊኖረው ይችላል፤ መጨረሻው ላይ ግን አትጻፉት። ልጆች ምክር ሲመጣ ከሩቅ ያውቁታል። እኔ ሳነብ አያቸዋለሁ፤ «ስለዚህ ልጆች…» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ጫማቸውን ማሰር ይጀምራሉ።

ምን ያህል መርዘም አለበት?

የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ወረቀቱ በማተሚያ ቤት ሲታጠፍ በስምንትና በአሥራ ስድስት ስለሚወጣ ነው። ለታዳጊ የሚጻፈውን ግን በእንግሊዝኛ የቃል ብዛት አትለኩ። አማርኛ ብዙ ነገር አንድ ቃል ውስጥ ይከታል። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ አለመሆኑም ጭምር እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ የእናንተ መጽሐፍ በቃል ቁጥር ካነሰ አትደንግጡ።

አንድ የቴክኒክ ነገር፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን በተመለከተ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ ያዙ። አንድ ቃል በሁለት ዓይነት ተጽፎ ሲያይ የሚቸገረው ልጁ ነው።

የአያቴን ተረት ጽፌ ባሳትም የማን ነው?

አያታችሁ በቃል ያወሩላችሁን በራሳችሁ ቋንቋ ብትጽፉት ጽሑፉ የእናንተ ነው። ተረቱ ራሱ የሁላችንም ነው፤ ነገ ሌላ ሰው በሌላ መልክ ቢጽፈው ቅር አይበላችሁ። ሌላ ሰው ያሳተመውን ቃል በቃል መገልበጥ ግን አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሰማችሁበትን ሰውና ቦታ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ብትጠቅሱ ደግሞ ደስ ይላል። አያቶቻችን ስማቸው ታትሞ አያውቅም።

ልጄ አሥራ ሦስት ሞላው፤ ከስልክ በስተቀር ምንም አያነብም።

የሚያነበው ስልክ ላይ ከሆነ እሱም ማንበብ ነው። ከእጁ አትንጠቁ። እኔ የእህቴን ልጅ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ስልኳን ወስጄ የትልቅ ሰው ልብ ወለድ ሰጠኋት። በጣም የምወደው መጽሐፍ ነበር። ሃያ ገጽ አንብባ ተወችው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመት ያህል እኔ የሰጠኋትን ምንም አልነካችም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እኔ በሃያ አምስት ዓመቴ የወደድኩትን በአሥራ ሦስት ዓመቷ እንድትወድ ፈለግኩ።

በኋላ የሠራው ሌላ ነገር ነው። አጭር ታሪክ እያነበብኩ በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላት። አምስት ደቂቃ፤ ሲጣፍጥ አቋረጥኩት። በሦስተኛው ቀን «ቀጣዩስ?» ብላ ጻፈች።

ልጄ ራሷ መጻፍ ጀምራለች። እንዴት ልርዳት?

ደብተር ግዙላት። ከምትማርበት ደብተር ይለይ። መሳቢያ ካላችሁ አንድ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ስጧት። ሳታሳያችሁ አታንብቡ፤ እንግዳ ሲመጣም «አንብቢላቸው» አትበሏት። ያሳየቻችሁ ቀን የፊደል ስህተት አታርሙ። እናንተን የመሰለች እናት ወይም አባት እዚያ ውስጥ ብታገኙ፣ ደግሞ ብትቆጡ፣ ብትጮሁ፣ አሥር ጊዜ ብትሳሳቱ፣ «ይህ እኔ ነኝ እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» በሏት።